ሰላሳ ሺህ ሐኪም

በቁሐር ሚካኤል ጤና ኬላ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ የደም ግፊት መለኪያ እና አንድ እኔ አለን። ማስተዋል እባላለሁ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ። ሠልጥኜ እዚህ ከተመደብኩ ስድስት ዓመቴ ነው። አያልነህ ደግሞ ስልክ አለው። ስለዚህ የመንደሩ ሐኪም እሱ ነው።

አያልነህ ሩዝ አራሽ ነው። ልጅ ሳለ ዳዊት ደግሟል፣ እጅ ጽሑፉም ያምራል፤ በዚህ የተነሳ መንደሩ ደብዳቤ የሚያስጽፈው እሱን ነበር። ደንቡ አንድ ነው፤ ባለጉዳዩ የተናገረውን ቃል በቃል መጻፍ። መተማ ልጇን የላከች እናት «ናፍቀኸኛል» ካለች እሱም «ናፍቀኸኛል» ብሎ ይጽፋል እንጂ «እናትህን ናፍቀሃታል» እያለ አያበላሽም።

ደብዳቤ ቀረና ስልክ መጣ። ከስልኩ ጋር ደግሞ «ጤናችን በእጃችን» የሚባል፣ ሰላሳ ሺህ ሰው ያለበት የፌስቡክ ቡድን ተገኘ። ከሰላሳ ሺው አንድ አሥሩ ሐኪም ሳይሆኑ አይቀሩም። የቀረው ወይ በሽተኛ ነው፣ ወይ ጥቁር አዝሙድ ሻጭ።

መንደሩ ወደ አያልነህ ደጅ ጎረፈ። እትዬ ሸዋነሽ ጉልበታቸውን፣ መሪጌታ ሉቃስ ሽንታቸውን፣ አራስዋ ሰገን ጡቷን ይዘው ተራ ጠበቁ። አያልነህም እንደ ልማዱ የነገሩትን ቃል በቃል ጻፈ። ስም ግን አልጠራም፤ የሰው ገበና ሰላሳ ሺህ ሰው ፊት አይዘረገፍማ። እናም ባርኔጣ አድርጎ ሩዝ ማሳ ውስጥ የቆመ ባለ ጺም ጎልማሳ ፎቶ ካለበት ገጽ ላይ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ «ጉልበቴ አልታጠፍ አለኝ»፣ «ሽንቴ ይቆራረጥብኛል»፣ «ጡቴ አብጦ ወተቴ ደረቀ» የሚሉ ጥያቄዎች ተከታትለው ወጡ።

አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ደግሞ ሰዎች ስለ ጤናቸው በማኅበራዊ ሚዲያ ምን እንደሚጠይቁ ጥናት ይሠራ ነበርና፣ ለአያልነህ በግል ጻፈለት። «በአንድ ወር አሥራ አራት በሽታ ይዞህ እንዴት በሕይወት አለህ?» አለው። አያልነህ «በሚካኤል ጠባቂነት» ብሎ መለሰ። ተማሪውም ይህንኑ መዝግቦ አመስግኖ ሄደ።

እኔም በሌላ ስም ቡድኑ ውስጥ ነበርኩ። ለሥራ አይደለም፣ ለመሳቅ ነው። በደጄ የሚያልፈው ሁሉ «ሲስተር፣ እንዴት አደርሽ» ብሎኝ፣ እግዜር ይስጠውና ደኅንነቴን ጠይቆ፣ የራሱን ሕመም ለአያልነህ ይዞ ይሄዳል። አኮረፍኩ። ሰው ታመህ ና ተብሎ አይለመንም። ቤት ለቤት መዞሩንም ተውኩት፤ ሪፖርቱ ላይ «ውሃው አላስኬደኝም» ብዬ ጻፍኩ። ውሸትም አልነበረም፤ ነሐሴ ነው፣ የፎገራ ሜዳ ከጣና የሚለይበት ምልክት ጠፍቶ ነበር።

በዚያው ሰሞን አጎበር መጣና ለየቤቱ አድርሰሽ አስፈርሚ ተባልኩ። ቦቲ ጫማዬን አድርጌ እየተነጫነጭኩ ወጣሁ። አያልነህ ቤት ስደርስ ሚስቱ ደብረወርቅ ብቻዋን ናት። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል፣ ቤቱ ጨለማ ነው፣ እሷ ግን ጥቁር መነጽር አድርጋ፣ እግሯን ሳፋ ውስጥ ነክራ ተቀምጣለች።

«ምነው ደብሬ፣ ፀሐዩ በረታብሽ?» አልኳት።

«ዓይኔን ይጋርደኛል። አያልነህ ነው ወረታ ወርዶ የገዛልኝ። ሐኪሞቹ አዘው።»

«የትኞቹ ሐኪሞች?»

«የስልኮቹ ናቸዋ። ራሴንም ይፈልጠኛል። እግሬ ሲያብጥ ጊዜ ደግሞ የጨው ውሃ አሉ።»

መነጽሩን አወለቅኩላት። ፊቷ ሌላ ሰው ሆኗል፤ የዓይኗ ቆብ ሳይቀር አብጧል። የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ናት። መለኪያውን ከቦርሳዬ አውጥቼ ክንዷ ላይ አሰርኩ። መቶ ሰባ በመቶ አሥር አለ። አላምን ብዬ ደግሜ ለካሁ፤ ያው ነው።

አያልነህ ከማሳ ሲገባ ሰላም እንኳ አላልኩትም።

«ምን ብለህ ነው የጻፍኸው? አሳየኝ።»

ስልኩን በኩራት ከፈተልኝ። ከስምንት ቀን በፊት የተጻፈ ነው፤ «ወንድም እህቶች፣ ራሴን ይፈልጠኛል፣ ዓይኔን ይጋርደኛል፣ እግሬና ፊቴ አብጧል። ምን ይሻለኛል?» ይላል። ከጎኑ የባለ ጺሙ ሰውዬ ፎቶ አለ። ከሥሩ ስድሳ ሦስት መልስ ተደርድሯል። «ወንድሜ፣ ሩዝ ውስጥ ቆመህ ስለምትውል ነው፤ እግርህን ጨው ውሃ ውስጥ ዘፍዝፍ።» «ፀሐዩ ከውሃው እየተመለሰ ዓይንህን ጎድቶታል፣ ጥቁር መነጽር ግዛ።» «አረቄ ቀንስ።» ለሩዝ አራሽ ወንድ ቢሆን አንዱም የሚከፋ ምክር አልነበረም። አንዷ ሴት እንዲያውም አንጀቷን በልቷት ስልክ ቁጥሯን ትታለታለች።

ወደ ታች ወረድኩ። «ወለላዬ» የሚባል ሰው እንዲህ ብሎ ጽፏል፤ «ወንድሜ፣ ይሄማ እርግዝና ነው። ወንድ ልጅ ያድርግልህ።» ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ስቋል። ከሥሩ አያልነህ «ባለጌ» ብሎ መልሷል።

ወለላዬ እኔ ነኝ።

ሰላሳ ሺው ሰው ያየው ባለ ጺሙን ነውና ይቅር ይባላል። አያልነህ ለሰው አፍ ሆኖ የሚጽፍ መሆኑን የማውቀው ግን እኔ ነበርኩ። የሚስቱ እርግዝናም በእኔው መዝገብ፣ በእኔው እጅ ተጽፎ ተቀምጧል። ሁለቱን ለማገናኘት ግማሽ ደቂቃ ይበቃ ነበር። ያን ግማሽ ደቂቃ ስንት ሰው እንደሳቀልኝ እያየሁ አሳለፍኩት። ስልኩን መለስኩለትና ቃሬዛ እንዲያመጣ ነገርኩት።

«መጀመሪያ ቡድኑን ብጠይቅ አይሻልም? አንድ ጊዜ ብቻ» አለ።

«አያልነህ፣ ሚስትህ ልትሞት ነው» አልኩት።

ከዚያ በኋላ ስልኩን አላወጣም። አራት ሰው ተሸከማት። ደውዬ የጠራሁት አምቡላንስ አስፋልቱ ላይ ይቆማል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም፣ እስከዚያ ያለው ውሃ ነው። መሪጌታ ሉቃስ ካባቸውን ሰብስበው፣ በመቋሚያቸው መሬቱን እየወጉ ከፊት ቀደሙ።

«መሪጌታ፣ እርስዎ ይቅሩ፤ ይበርድዎታል» አልኳቸው።

«ዝም ብለሽ ተከተይ፣ ልጄ። ጉድጓዱን የማውቀው እኔ ነኝ» አሉኝ።

ውሃው ጉልበት ላይ ደረሰ፣ አንድ ቦታ ላይ ወገብ ነካ። ደብረወርቅ «ደረስን?» ትላለች፤ «ደረስን» እላታለሁ። አስፋልቱ ላይ ስንወጣ አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ይዞ ሄዷል፣ በባጃጅ ሄድን። ወረታ መግቢያ ላይ፣ በከባድ መኪና ሰልፍ መሐል፣ ጥርሷ ተገጠመና ሰውነቷ ይንዘፈዘፍ ጀመር። ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ ይዤ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ጀመርኩ፤ አንዱንም መጨረስ አልቻልኩም።

ሆስፒታሉ ወዲያው ተቀበላት። ቀዶ ጥገና ክፍል አስገቧትና እኔና አያልነህ ኮሪደሩ ላይ ቆመን ቀረን። ከሁለታችንም ልብስ ውሃ ይንጠፈጠፋል፤ የጽዳት ሠራተኛዋ ሁለት ጊዜ ወለወለችና ተወችን። ብዙ ቆይቶ ሐኪሙ ወጣ። እናቲቱ ተርፋለች። ልጁ አልተረፈም። ወንድ ነበር።

አያልነህ አላለቀሰም። ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለና ስልኩን ከላስቲክ ውስጥ አወጣ። ያቺኑ ገጽ ከፍቶ በጣቱ ወደ ታች ወረደ።

«ሲስተር፣ ይህን ሰውዬ አንብቢልኝ እስቲ» አለኝ። ማንበብ አቅቶት አይደለም።

አላነበብኩለትም።

«ከዚያ ሁሉ ሰው ያወቀልኝ እሱ ብቻ ነበር። ስምንት ቀን ሙሉ እዚሁ ስልኬ ውስጥ ተጽፎልኝ ነበር። ወንድ መሆኑን ሳይቀር ነግሮኛል። እኔ ደግሞ የሚያሾፍብኝ መስሎኝ ሰደብሁት። ብሰማው ኖሮ ልጄ...» ስልኩን ወደ እኔ አዞረው። «አንቺ የተማርሽ ነሽ። እንዴት አርጌ እንደማገኘው ንገሪኝ። እግሩ ላይ ወድቄ ይቅርታ እለዋለሁ።»

ዝም ማለት እችል ነበር። ወለላዬን የሚያውቅ ማንም የለም፤ ስልኬን ከፍቼ ስሙን ማጥፋትም የአንድ ጣት ሥራ ነው። ነገር ግን ሰውየው «ልጄን የገደልኩት እኔ ነኝ» ብሎ ሊኖር ነው።

«አላወቀም» አልኩት። «እያሾፈ ነበር።»

«አይዶለም። እያሾፈማ እንዲህ አይገጥምም። በምን አወቅሽ?»

«እኔ ነኝ፣ አያልነህ። የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ እንዲሰድበኝም ፈለግኩ። ስልኩን አጠፋውና ላስቲኩ ውስጥ መልሶ ጠቀለለው።

«ከኬላሽ እኔ ቤት ድረስ እኮ» አለኝ፣ «ሩብ ሰዓት አይሞላም።»