የሸማኔው አንጓና የተቆለፈው ጄሶ

ሸማኔው ዘርጋው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከደጃፉ ተቀምጦ፣ የጠመመ የቀኝ እጁን አንጓ እያየ በቀል ያውጠነጥን ነበር። ከስምንት ወር በፊት ከደረጃ ወድቆ አንጓው ሲሰበር፣ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሲስተር ትብለጥ "ቀላል ስብራት ነው፤ እዚሁ አቃንቼ በጄሶ አስርልሃለሁ" ብላው ነበር። ኃላፊው አቶ ገብረየስ ግን "ስብራት የሆስፒታል ነው፤ ነገ ጥፋት ቢመጣ እኔ አልጠየቅም" ብሎ ጄሶውን መጋዘን ውስጥ ቆለፈበትና የሪፈር ወረቀት ጻፈ። ዘርጋው ቀኑን ሙሉ በአውቶቡስ ተንገላቶ ሆስፒታል ደረሰ። መኪና ከጨፈለቃቸው ሰዎች ጎን ኮሪደር ላይ ሦስት ቀን ተኛ። "ያንተ ይቆያል" እየተባለ ለሳምንታት ተመላልሶ፣ ሐኪም ፊት የቀረበው አጥንቱ እንደ ጠመመ ከገጠመ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ መወርወሪያ መያዝ አቃተው።

ያው ገብረየስ በመልካም አገልግሎት ነገ በቀበሌው አዳራሽ እንደሚሸለም የሰማው በዚያች ምሽት ነበር። "እጁ ተሰብሮ ባየሁት!" እያለ በንዴት እንደ ተቃጠለ እንቅልፍ ጣለው።

በሕልሙም ከሞቱ ዐሥር ዓመት የሆናቸው አማቱ፣ ወጌሻው አባባ ይመኑ፣ ከፊቱ ቆሙ። "ተነሥ ልጄ፣ የማሳይህ አገር አለ" አሉት።

ወደ አንድ ሰፊ አገር ወሰዱት፤ በየኮረብታው ላይ ደጃፏ የተከፈተ ጤና ጣቢያ ነበረች። ቁርጭምጭሚቷ የዞረባት ሴት በፋሻ ታስሮላት በራሷ እግር ስትወጣ፣ ክንዱ የተሰበረ አናጺ ጄሶው እስኪደርቅለት ከጎረቤቱ ጋር ሲጫወት አየ።

"አባባ፣ ታዲያ ወደ ሆስፒታል የሚሄድ የለም?"

"አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ የወጣ፣ ጣቱ የደነዘዘ፣ እሱ ሳይውል ሳያድር ይሄዳል። ቀላሉ እዚህ ስለሚያልቅ፣ እዚያ ኮሪደር ላይ የሚተኛ የለም።"

ዘርጋው ግን ልቡ በዚያ አልረካም። "እኔን እንዲህ ያደረገኝስ የት አለ?"

ሽማግሌው በጣታቸው አመለከቱት። ገብረየስ የተሰበረ አንጓውን በሌላው እጁ ደግፎ፣ የራሱ ፊርማ ያለበትን የሪፈር ወረቀት በጥርሱ ነክሶ፣ ማለቂያ በሌለው አቧራማ መንገድ ላይ ይንከራተት ነበር። ዘርጋው ከልቡ ሳቀ። "ይጨመርለት! እንደኔው ጠሞ ይግጠምለት!"

ያን ጊዜ ትብለጥ ከጤና ጣቢያዋ ብቅ ብላ ሰውየውን አስገባችው። "ተይው!" ብሎ ጮኸ ዘርጋው።

"ና፣ ክርኑን ያዝልኝ" አለችው እንጂ አልሰማችውም። ገብረየስን ማደንዘዣ ወጋችውና እጁን ሳበች። ዘርጋውም ሊገነጥለው እየተመኘ ክርኑን ወደ ራሱ ጨምድዶ ያዘ። ገብረየስ አቃሰተ፤ ዘርጋው ደስ አለው። በዚያው ቅጽበት ግን አጥንቱ ወደ ቦታው ገባ፤ ጄሶው ተጠቀለለ፤ አለቀ።

"ይኸው ነው?" ብሎ ጮኸ ዘርጋው። "የነፈገኝ ይህችን ነው?"

በገዛ ጩኸቱ ነቃ። ቁጣው አልበረደም፤ እንዲያውም አሁን የሚሄድበትን ያወቀ ቁጣ ሆነ።

በማግሥቱ ገብረየስ ሽልማቱን ሊቀበል ሲነሣና ሕዝቡ ሲያጨበጭብ፣ ዘርጋው መሀል አዳራሽ ገብቶ የጠመመ እጁን ከፍ አደረገ።

"ሲስተር፣ ያን ዕለት ይህን እጅ ለማቃናት ስንት ጊዜ ይፈጅብሽ ነበር?"

ትብለጥ አለቃዋን አየች። ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያም ብድግ ብላ "ሩብ ሰዓት" አለች።

ጭብጨባው ቆመ። ከኋላ አንዲት እናት ክርኑ የጎበጠ ልጇን ይዛ ተነሣች፤ ቀጥሎ በምርኩዝ የሚሄድ አንድ ድንጋይ ጠራቢ፤ ቀጥሎ ሌሎች። የገብረየስ ፊት አመድ መሰለ። ዘርጋውም ዐይኑን ከዚያ ፊት ላይ ሳይነቅል፣ ያየውን አገር ለሕዝቡ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይተርክ ጀመር።