ማን ነካው?

ሳሙኤል መጥፎ ሰው አልነበረም። ጥላው ወደ አባቷ ቤት ከሄደች ሦስት ወር ያለፋት ሚስቱ እንኳ ይህን ትመሰክርለታለች። ወልቂጤ ውስጥ በርና መስኮት የሚበይድባት ጠባብ ሱቅ አለችው። አይጠጣም፣ አይማታም፣ እሑድ ከቸርች አይቀርም። ያለበት አንድ አመል ብቻ ነው፤ ግን ቤት የሚያፈርስ አመል ነው። አንድ ዕቃ ሲጠፋው ወይም ሲበላሽበት ዞር ብሎ ሳያይ «ማን ነካው?» ብሎ ይጮኻል። እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ «እርሳሴን ማን ነካው?» ይላል። ቤት ውስጥ ደግሞ ከሚስቱ ከሕይወት በቀር ሌላ ሰው ስለሌለ «ማን» ማለት እሷ ናት። ሁለት ዓመት ታገሠች። አንድ ማታ ግን «ቻርጀሬን ማን ነካው?» ሲላት ቻርጀሩን ከገዛ ጃኬቱ ኪስ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለትና በነጋታው ሻንጣዋን ይዛ እምድብር አባቷ ቤት ገባች።

ሽማግሌ ተላከ። በመጀመሪያው ሽምግልና ሳሙኤል በሽማግሌዎቹ ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ ነገሩን ራሱ አበላሸው። ራስ ሲመለጥና አፍ ሲያመልጥ አይታወቅም ይባል የለ! የሕይወት አባት ጋሽ ተረፈ ግን ቸር ሰው ናቸውና ሁለተኛ ቀጠሮ ሰጡት። «ቅዳሜ አራት ሰዓት» አሉት በስልክ። «ሽማግሌዎቹ ስድስት ሰዓት ላይ ቀብር አለባቸው። እስከ አምስት ካልደረስክ ልጄ እዚሁ ትቀራለች። ሦስተኛ ቀጠሮ የለም።»

ቅዳሜ ጠዋት ሳሙኤል ማታውን እሱ ቤት ያደረችውን አክስቱን ዓለምዘውድን ከኋላው አፈናጦ በሞተሩ ከወልቂጤ ወጣ። ዓለምዘውድ የአባቱ እህት ናት፤ እናቱ ስትሞት ወስዳ ያሳደገችውም እሷ ናት። ሠላሳ ዓመት ቅቤ ነግዳለች፤ ስለ ቅቤዋ ክፉ ከሚነገር ስለ ራሷ ቢነገር ትመርጣለች። ባለፈው መስቀል ለጋሽ ተረፈ የወሰዱት ቅቤ ሰልባትዮው ላይ፣ ማለት የሞተሯ ቤንዚን መያዣ ላይ ታስሮ ስለነበር ቤንዚን ቤንዚን ሸተተ። ጋሽ ተረፈ አሽትተው «ዓለምዘውድ፣ ይሄ ለክትፎ ነው ለፋኖስ?» ብለው ጎረቤቱን ሁሉ አሳቁባት። ሴትዮዋ ይህን አልረሳችም። ዛሬም ሦስት ኪሎ ለጋ ቅቤ በኮባ ጠቅልላ፣ በቃጫ አስራ ይዛለች። ሌላ ቦታ ስለሌለ የታሰረው እዚያው፣ ቆዳ በለበሰው ሰልባትዮ ላይ ነው።

ሳሙኤል መንገዱን ሁሉ ከራሱ ጋር ይማከራል። ዛሬ ያቺን ቃል አልናገርም፤ ዓለም ቢገለበጥ አልናገርም፤ ጌታ ሆይ አፌን ጠብቅልኝ። የጉብሬን ከተማ አለፉ። ከግራና ቀኝ በእንሰቱ ቅጠል ላይ ጠል ያብረቀርቃል፣ መንገዱም ባዶ ነው። ሦስት ሰዓት ተኩል ገና መሆኑ ነው፤ እንዲያውም ቀድሜ እደርሳለሁ ብሎ ልቡ ሞቅ አለው። ይህን ባሰበ በአፍታ ውስጥ ሞተሯ ሁለቴ ተንተፋትፋ ጸጥ አለች።

«ማን ነ—» አለና ምላሱን ነከሰ።

«ምን አልክ?» አለች ዓለምዘውድ ከኋላው።

«ምንም። ውረጂ አክስቴ፣ ልያት።»

ሞተሯን ግራና ቀኝ ወዘወዛት፤ ትናንት የሞላው ቤንዚን ውስጧ ይንቦጫቦጫል። እሳት የምትሰጠውን ካንዴላ ፈታ፣ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ፣ ብረቱ ላይ አስደግፎ ማስነሻውን ሲረግጥ ሰማያዊ እሳት ቦግ አለች። እሳትም አለ፣ ቤንዚንም አለ። መልሶ አሰራት፤ ማስነሻውን እንደገና ረገጠ። ተነሣች! ዓለምዘውድ «ተመስገን» ብላ ተፈናጠጠች። ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ሄደው አቀበት ሲጀምሩ ደግማ ጠፋች።

አሁን ላብ ላብ አለው። በደረቱ ውስጥ ያ የድሮ ጩኸት እንደ ፈላ ወጥ ክዳኑን ይገፋል። ትናንት ማታ ደህና ነበረች፤ ማነው የነካካት? ጎረቤቶቹ ናቸው? ሰፈር ውስጥ ያሉት ጎረምሶች? ግን ማንን ይጩኽበት? መንገዱ ላይ ያለችው አክስቱ ብቻ ናት፣ እሷም ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሞተሯን ሳይሆን ቅቤውን ታያለች። አንድ ሚኒባስ መጣ፤ እጁን ዘረጋ። ረዳቱ «ሙሉ ነው!» ብሎ በመስኮት እጁን አወናጨፈና አለፈ። አራት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ጥቂት ቆይቶ ሞከራት፤ ተነሣች፤ ትንሽ ሄዳ ለሦስተኛ ጊዜ ቆመች።

ሳሙኤል የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ። ያለ ሕይወት ያሳለፋቸው ሦስት ወራት ፊቱ ድቅን አሉበት፤ እሑድ እሑድ ብቻውን የሚበላው ቀዝቃዛ ዳቦ፣ «ማን ነካው?» ብሎ ጮኾ የሚመልስለት የሌለበት ቤት። እንባው መጣ። እንደ ምንም ዋጥ አድርጎ ወልቂጤ ለሚገኘው ለመካኒኩ ለምንተስኖት ደወለ፤ ሁለቱም እጆቹ በሞተሯ ቅባት፣ በግራሶ ስለተለወሱ ስልኩን አክስቱ ያዘችለት፣ ድምፁንም ከፍ አደረገችው።

«ቆም ስትል ትነሣለች?» አለ ምንተስኖት።

«ትነሣለች። ትንሽ ትሄድና ትጠፋለች።»

«በቃ አየር አጥታለች። የሰልባትዮው ክዳን ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ እሷ ተደፍና ይሆናል። ቤንዚኑ ሲወርድ በቦታው አየር ካልገባ አይወርድም እኮ። የዘይት ጣሳ አንድ ቦታ ብቻ ብትበሳው ይቀዳልሃል?»

«አይቀዳም!» ብላ ጮኸች ዓለምዘውድ። «የዘይት ጣሳማ ሁለት ቦታ ነው የሚበሳው!» ካለች በኋላ ስልኩን ይዛ ደርቃ ቀረች። ፊቷ አመድ መሰለ።

«ምነው አክስቴ?»

«ሳሚ» አለች በቀጭን ድምፅ፣ «ትዳርህን ያፈረስኩት እኔ ነኝ።»

ሳሙኤል ቅቤውን አውርዶ የሰልባትዮውን የቆዳ ልብስ ገለጠ። ክዳኑ በፌስታል ተጠቅልሏል። በፌስታሉ ላይ ኮባ፣ በኮባው ላይ ቃጫ፤ ቋጠሮው ደግሞ ሠላሳ ዓመት ቅቤ የቋጠረ እጅ ቋጠሮ ነው፣ በጥርስም አይፈታ። ሌሊት እሱ ሳይነቃ ተነሥታ፣ ሽታው ቅቤው ውስጥ እንዳይገባ ብላ አንዲት ቀዳዳ ሳታስቀር አሽጋዋለች። በቢላዋ ቆርጦ ክዳኑን ሲያዞረው ሰልባትዮው «እስስስ» ብሎ አየር ሳበ።

እንግዲህ «ማን ነካው?» ብሎ ሲጮህ በኖረበት ዘመን ሁሉ ጥያቄው ለመጀመሪያ ጊዜ ትክክለኛ መልስ አገኘ። የነካው ሰው ፊቱ ቆሟል፤ ስልሳ ሁለት ዓመቷ ነው፣ በሁለት እጇ ቅቤ አቅፋለች። ሳሙኤል አፉን ከፈተ። ጩኸቱን ፈለገው፤ የለም። ይልቅ ሳቁ መጣ፤ ሆዱን ይዞ መንገድ ላይ እስኪቀመጥ ድረስ ሳቀ።

«ትስቃለህ?» አለች እንባዋን እየጠረገች።

«ልብሱን ገልጬ ባየው ኖሮ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር እኮ! አላየሁም አክስቴ። መቼ አይቼ አውቃለሁ?» አላት። «ነይ ተፈናጠጪ፣ ቅቤውን እቀፊው።»

ሞተሯ ከዚያ በኋላ አንዴም ሳታስነጥስ ወሰደቻቸው። እፎይታው ከነፋሱ ጋር ፊቱን ይመታዋል፤ ቢዘገይም፣ ባይሳካለትም፣ ደረቱ ላይ የተጫነው ነገር ወርዷል።

እምድብር የደረሱት አምስት ሰዓት ከሃያ ነው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን ይዘው ከግቢው በር ላይ ደርሰዋል። ጋሽ ተረፈ ሰዓታቸውን አዩ። ሕይወት በረንዳው ላይ ቆማለች፤ ከስታለች፣ ዓይኗን ግን አልሰበረችም።

«ምን አስቀረህ?» አሉ ጋሽ ተረፈ።

«ሞተሯ መንገድ ላይ ቆማብኝ ነው፣ ጋሼ።»

«ማን ነካት?» አሉ ጋሽ ተረፈ መልሰው፣ እያንዳንዷን ቃል ረገጥ አድርገው። ሕይወት ባሏን አየችው።

«ማንም» አለ ሳሙኤል። «ሳላያት የወጣሁት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይቅርታ አድርጉልኝ።»

«ይዋሻል!» አለች ዓለምዘውድ። ነጠላዋ ውስጥ የቋጠረችውን ፌስታልና ኮባ አውጥታ በሁሉም ፊት ዘረጋች። «እኔ ነኝ የዘጋሁት! በርስዎ ስድብ የተነሣ ነው፣ ጋሽ ተረፈ! ሦስት ጊዜ አስቆምኩት፣ ሰዓቱን ገደልኩበት፣ ይህ ልጅ ግን ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ስቆ ነው ያመጣኝ።»

ታላቁ ሽማግሌ ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉና አግዳሚው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ። «ተቀመጡ እንጂ» አሉ። «ሟቹ እንደሆነ አይቸኩልም።»

ጋሽ ተረፈ ቅቤውን ተቀብለው ኮባውን ገለጥ አደረጉ፤ ረዥም ጊዜ አሸተቱ። «ንጹሕ ነው» አሉ በመጨረሻ። «እንዲህ ያለ ቅቤ እዚህ ቤት ገብቶ አያውቅም።» ሴትዮዋ የዚያን ጊዜ ነው የተቀመጠችው።

ሽምግልናው ግማሽ ሰዓት አልፈጀም፤ ብዙ የሚነገር ነገር አልነበረም። ሕይወት ግን እሺም እንቢም አላለችም። «ላስብበት» ብላ ወደ ውስጥ ገባች፤ ሽማግሌዎቹም ወደ ቀብራቸው ሄዱ። ሳሙኤል ላለማስቸገር ሊሄድ ተነሣ። ወደ ሞተሯ ሄዶ ኪሱን ሲዳስስ ቁልፉ የለም። ሌላኛውን ኪሱን ዳሰሰ፤ የለም። ደሙ ፊቱ ላይ ወጣ፤ ከንፈሩ ተላቀቀ። ሕይወት በመስኮቱ እያየችው ነው፤ እሱ ግን አላያትም። አፉን ገጠመ። ጎንበስ ብሎ መሬቱን አየ፣ ጃኬቱን አውልቆ አራገፈ፣ በመጨረሻ ወደ ሞተሯ ዞር አለ። ቁልፉ እዚያው መሪው ሥር ተሰክቶ ይወዛወዛል። ለራሱ ፈገግ አለና ራሱን ነቀነቀ።

ማስነሻውን ሊረግጥ ሲል ከኋላው የእግር ኮቴ ሰማ። ሕይወት ሻንጣዋን ይዛ ቆማለች።

«አክስትህ በሚኒባስ ትመጣለች፤ ተነጋግረናል» አለችው። «ይሄንን የት ነው የምታስርልኝ?»

ሳሙኤል አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ሻንጣውን ተቀብሎ ወደ ሰልባትዮው አስጠጋው፤ ከማሰሩ በፊት ግን የቆዳ ልብሱን ገልጦ ክዳኑን አየው።