ቀን የሚያውቅ ሰው

እኔ መሪጌታ ፋንታው፣ ደብረ ታቦር ላይ ባሕረ ሐሳብ ሳስተምር አርባ ዓመት አለፈኝ። ዛሬ ዛሬ በዓሉ መቼ እንደሚውል የሚጠይቀኝ የለም፤ ሁሉም ስልኩን ያያል። ይይ። እኔ ስልክ አልለምንም።

የካቲት ላይ የስልክና የኢንተርኔት መስመሩ ጠፋ። በሦስተኛው ቀን፣ ሰኞ፣ ልጄ ሸዋነሽ ተከራይዋን ይዛ መጣች። ሱሬሽ ይባላል፤ ከህንድ መጥቶ ሂሳብ የሚያስተምር መምህር ነው። እሷ ዱባይ ሰባት ዓመት ህንዶች ቤት ሠርታ ቋንቋቸውን እንደ ውሃ ጠጥታዋለች።

«አባባ፣ የአባቱ ሙት ዓመት ደርሷል» አለችኝ። «እነሱ የሚያስቡት ሰውየው በሞተበት የጨረቃ ቀን ነው፤ ጨረቃ ከሞላች በኋላ አሥረኛው ቀን። ሁልጊዜ ከስልኩ ነበር የሚያየው። አሁን ‹ቀኑ ካመለጠኝ አባቴ ዓመቱን ሙሉ ይራባል› ይላል።»

አንጀቴን በላው። ደግሞም ሳቄ መጣ፤ የጨረቃ ዕድሜ ለእኔ ሊከብደኝ ነው? የዓመቱን የጨረቃ ትርፍ፣ አበቅቴውን፣ ይዤ በጣቴ አንጓ ቆጠርኩ።

«ጨረቃ በአሥራ አምስት ትሞላለች፤ አሥር ሲጨመር ሃያ አምስተኛዋ ናት የሚፈልጋት። ነገ ማክሰኞ ነው፤ ሂዱ» አልኩ።

ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ እኔም ሄድኩ፤ ሥራዬን ላይ። ሱሬሽ ታጥቦ፣ በባዶ ሆዱ፣ ሩዙንና ሰሊጡን ከውሃ ጋር አቅርቧል። መጀመሪያ የቀኑን ስም መጥራት አለበት፤ ሸዋነሽ ተረጎመችልኝ። እነሱ ዘንድ አንድ ቀን አምስት መጠሪያ አለው፤ የሳምንቱ ዕለት፣ የጨረቃዋ ቀን፣ ጨረቃ ያረፈችበት ኮከብ፣ የፀሐይና የጨረቃ ቦታ ድምር፣ የጨረቃዋም ቀን እኩሌታ። ቀንን እንዲህ የሚያከብር ሰው ሳገኝ ኮራሁለት።

«የጨረቃዋ ቀን የሚያዘው ከመቼ ነው?» አልኩ።

«ፀሐይ ስትወጣ የተገኘው ቁጥር ነው የቀኑ» አለችኝ።

ክው አልኩ። በእኛ ቆጠራ የጨረቃዋ ቀን ከማታ ይገባል፤ እኔም የምትገባበትን ማክሰኞን ነገርኳቸው። ሃያ አምስተኛዋ የምትገባው ዛሬ ማታ ነው፤ የእሱ ፀሐይ የሚያገኛት ነገ ጠዋት ነው። ዝም ብል ማን ያውቅብኛል? አርባ ዓመት ሙሉ ተሳስቼ አላውቅም፤ ልጄም እያየችኝ ነው። ግን የሰው አባት ነው።

«ተሳስቻለሁ» አልኩ። «እጁን ይመልስ። ነገ ነው።»

ሱሬሽ ሩዙን አነሳ። ረቡዕ ማለዳ ከደጃፉ ቆመን ቀጭኗን ጨረቃ አሳየሁት። ፀሐይ ስትወጣ የአባቱን ስም ጠርቶ ውሃውን አፈሰሰ። እንባው ወረደ፤ የእኔም።

ዓርብ እኔ ሸዋነሽ ቤት ሳለሁ መስመሩ ተመለሰ። እናቱ ደውለው፣ ደህና ነህ ሳይሉ፣ በየትኛው ቀን እንዳደረገው ጠየቁት። ረቡዕ አላቸው። ለቅሷቸው እኔ ከተቀመጥኩበት ድረስ ተሰማ።

«ምን ይላሉ?» አልኳት ሸዋነሽን።

«ልክ ነህ ይሉታል። ስልክ ሳይኖር ማን ነገረህ፣ እዚያ አገር ቀን የሚያውቅ ሰው አለ ወይ ይላሉ።»

ሱሬሽ ወደ እኔ ዞረ። ጋቢዬን አስተካክዬ ተነሳሁ።

«አለ በላቸው» አልኩት።