ከሂክማ በምን አንሼ

ፈረስ መጋላ ገበያ ብትን ጨርቅ እሸጣለሁ። ሂክማም ብትን ጨርቅ ትሸጣለች፤ የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው። ሱቅ መጀመሪያ የከፈትኩት እኔ ሸምሲያ ነኝ፣ ያውም አሥራ አንድ ዓመት ቀድሜያት። ደንበኛው የሚገባው ግን እሷ ጋ ነው። "ምቀኛ አታሳጣኝ" ይላል ሰው፤ ሂክማ አላጣችም፣ እኔ አለሁላት።

አምና የቀን ገቢ ገማቾች መጡ። ግብራችን የሚወሰነው በእነሱ ግምት ስለሆነ ጤነኛ ነጋዴ እነሱ ፊት ያለቅሳል። ሂክማም አለቀሰች፤ ያም ሆኖ በቀን ሦስት ሺህ ብር ትሸጣለች ብለው ጻፉባት። እኔ ጋ ገብተው መደርደሪያዬን አዩና "አንድ ሺህ ሁለት መቶ" አሉ። አልሐምዱሊላህ ብዬ ዝም ማለት ነበረብኝ። ሂክማ ግን ሱቄ በር ላይ ቆማ ትሰማለች።

"እኔ ከሷ በምን አንሼ ነው? ወላሂ ከሦስት ሺህ በታች ሸጬ የገባሁበት ቀን የለም!" አልኩ።

ገማቹ እስክሪብቶውን ይዞ ትንሽ አየኝ። ግብር ጨምሩብኝ የሚል ሰው ገጥሞት አያውቅም መሰለኝ። ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ጻፈ። ያን ቀን ምሳ ጣፈጠኝ።

ግብሩን ጥርሴን ነክሼ ከፈልኩ። ዘንድሮ ልጄ ሰሚራ ነርስነት ልትማር የአንድ የግል ኮሌጅ መግቢያ ፈተና አለፈች። ክፍያው ከአቅሜ በላይ ነው። ኮሌጁ ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ሰዎች ልጆች ነፃ ትምህርት ይሰጣል፤ ማስረጃው የግብር ወረቀት ነው። የእኔን አይተው "እናትሽ ደህና ነጋዴ ናቸው" ብለው መለሷት። ሰሚራ አልተቆጣችም። "ግድ የለም እማዬ፣ ሱቅ እረዳሻለሁ" አለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ግብር ቢሮ ሮጥኩ። ቅሬታ ሰሚው ገበያዬን የሚያውቅ የጎረቤት ነጋዴ መጥቶ ካልመሰከረ ግምቱ አይስተካከልም አለኝ። ጎረቤቴ ማን ነው? በአንድ በኩል መስጊድ፣ በሌላ በኩል ሂክማ።

ሦስት ቀን እህል አልበላ አለኝ። በአራተኛው በሯ ላይ ቆሜ ነገርኳት።

"አቦ! ሰሞኑን ፊትሽን ያጠቆርሽብኝ ለዚህ ነው?" አለችና ሱቋን ዘግታ ተከተለችኝ።

ቢሮው ውስጥ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ መሰከረች። "ሸምሲያ አንድ ሺህ ብር ከሸጠች ጥሩ ቀን ዋለች ማለት ነው። እሱንም የምትሸጠው እኔ ጋ ሰው ሲበዛ 'እዚያም ጨርቅ አለ' እያልኩ ስልክላት ነው። ልጆች አሏት፤ አላህ ያያል።"

ቅሬታ ሰሚው ወደ እኔ ዞረ። "እውነት ነው?"

ደንበኛ እንደምትልክልኝ ከዚያች ደቂቃ በፊት አላውቅም ነበር። ሰሚራን አሰብኩና "እውነት ነው" አልኩ።

ማኅተሙ ወረቀቱ ላይ ሲያርፍ የልጄ ትምህርት ዳነ፤ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ስመለስ ግን ከደንበኞቼ የትኞቹን እሷ እንደላከቻቸው አንድ በአንድ ሳስብ ቤቴን አልፌ የከተማው ግንብ መውጫ፣ ኤረር በር ደረስኩ።