«ኩላሊቱ ነው» አሉ

ሥራ አስኪያጁ ከወንበሩ ተነሣ፤ ኮቱን ቆለፈ፤ ጉሮሮውን ጠረገ። ለቀስተኛው ሁሉ ጸጥ አለ። እሱም ሻይ ማለቁን አስታውቆ ተቀመጠ።

የሟች ሚስት ማንቆርቆሪያውን ሞልታ ጥግ ያለው ምድጃ ላይ ጣደች። የሳሙና ፋብሪካው ሠራተኞች ግድግዳውን ታከው ተደርድረዋል። ወሬያቸው አንድ ነው፦ ኩላሊት። ሟች ውኃ መጠጣት አይወድም ነበር፤ ኩላሊት ደግሞ ድምፁን አጥፍቶ ነው የሚገድለው፤ ቃጠሎውማ ሊድን ተቃርቦ ነበር። ኩላሊቱን የማያውቅ አልመጣም፤ የጠፋው ሰውየውን የሚያውቅ ነው።

«ሐኪሙም ያለው ይኼንኑ ነው፣ እህቴ» አለ ሥራ አስኪያጁ። «የፋብሪካው ቦይለር እንከን የለውም።»

ሐኪሙ ያለውንማ እሷ ቆማ ሰምታለች። በፋሻ ከተጠቀለለው ባሏ አልጋ ሥር የተንጠለጠለው የሽንት ከረጢት መጀመሪያ የሻይ መልክ ያዘ፤ ኋላ ጠቆረ፤ ከዚያ ባዶውን ዋለ። «ኩላሊቱ ጤነኛ ነበር» አላት ሐኪሙ። «ሰው እንዲህ ሲቃጠል የሰውነቱ ውኃ በቁስሉ ያልቃል፤ የተቃጠለው ሥጋ ደሙን ይበክለዋል። የትኛውም ኩላሊት ይኼን አይችልም።»

የቦይለሩ መተንፈሻ ግፊት ሲበዛበት እያፏጨ እንፋሎት ይለቅ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ነዳጅ ያባክናል ብሎ በሽቦ አሳሰረው። ከዚያ ወዲህ መተንፈሻው ባሏ ሆነ። የግፊት መለኪያው መርፌ ቀዩን ምልክት ሲያልፍ ሁለት ጣቱን አፉ ከትቶ ያፏጫል፤ ሁሉም እግሬ አውጪኝ ይላል። የዚያን ቀንም አፏጨ። እነሱ ወጡ፤ እሱ ሽቦውን ሊፈታ ቀረ።

«ሽቦውስ?» አለች።

ሥራ አስኪያጁ የፈረቃ አለቃውን አየው። የፈረቃ አለቃው በእሷና በባሏ ሠርግ ቀን ሚዜ ነበር።

«የምን ሽቦ?» አለ አለቃው ብርጭቆውን እያሽከረከረ።

«ሲያፏጭስ አልሰማህም?»

«ማንም ሲያፏጭ አልሰማንም፣ እህት ዓለም። ኩላሊቱ ነው።»

የቀሩትም አንገታቸውን ደፍተው ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

ማንቆርቆሪያው አፏጨ።

ግድግዳውን የታከከው ሁሉ ባንዴ ብድግ አለ። ብርጭቆ ተደፋ፤ ወንበር ተገለበጠ፤ በሩ ላይ ተጋፉ። ቀድሞ ደጅ የደረሰው ሥራ አስኪያጁ ነበር። ጎረቤቶች ብቻ ምን መጣ ብለው በተቀመጡበት ቀሩ።

የወጡት ደጅ ላይ ቆሙ። አንዱ አንዱን አያይም፤ ተመልሶ የሚገባም የለም።

ሚስትየው ወደ ምድጃው ሄደች። እሳቱን ግን አላጠፋችም። አጠገቡ ቆማ፣ ውኃው እስኪያልቅ እንዲያፏጭ ተወችው።