የጳጉሜ ልጆች

ጫልቱ ሃያ ሊትር ውሃ ተሸክማ የኮንዶሚኒየሙ ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንደደረሰች ስልኳ ጮኸ። ቦሌ አራብሳ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ እዝራ የሚደውለው ደግሞ ልክ ውሃ በመጣ ቀን! ጀሪካኑን ደረጃው ላይ አስቀምጣ አነሳችው።

"ጫልቱዬ፣ እባክሽ አዲሱን እትም ዛሬ ልቀቂው። ስምንት ሰዓት ላይ ለእንግዶች ላሳየው ነው።"

"አልለቅም ብዬሃለሁ እኮ!"

የሚጨቃጨቁት የሕፃናትን የክትባት ቀጠሮ በሚመዘግብ ፕሮግራም ላይ ነው። ሃያ ሁለት በጎ ፈቃደኞች በትርፍ ጊዜያቸው ይሠሩታል፤ ጤና ጣቢያዎች በነጻ ይጠቀሙበታል፤ ኮዱም ለማንም ክፍት ነው። እዝራን መሪ ያደረጉት በድምፅ መርጠው ነው። እሱም ሥራ ሲበዛበት "አዲስ እትም ይውጣ አይውጣ የምትወስነው ጫልቱ ናት" ብሎ በሁሉም ፊት የውክልና ደብዳቤ ጻፈላት። ነርስ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ክትባት ስትሰጥ ነው የምትውለው። ትናንት አዲሱን እትም ስትሞክር ታዲያ ጉድ አየች። አንዱ ጎበዝ ዓመቱን በአሥራ ሁለት ወር ሠርቶት፣ ጳጉሜ የተወለዱት ልጆች ሁሉ ከቀጠሮው ዝርዝር ጠፍተዋል።

"ጳጉሜ እኮ አምስት ቀን ናት!" አለ እዝራ። "በኋላ እናስተካክለዋለን።"

"በአምስቱ ቀን የተወለደ ልጅ ኩፍኝ አይይዘውም?"

"የተመረጥኩት እኔ ነኝ፣ ጫልቱ። ካስፈለገ ራሴ እለቀዋለሁ።"

ደሟ ፈላ። "የቡድናችንን ደንብ አብረን ነው ያጸደቅነው! ውክልናዬን ማንሳት ትችላለህ፤ ውክልናው በእጄ እያለ በእኔ ቦታ መወሰን ግን አትችልም። ካነሳኸኝም በጽሑፍ፣ በሁሉም ፊት፣ ከነምክንያቱ!"

"እንዲህ ግትር መሆን ግን..."

"አዎ፣ ግትር ነኝ!" ዘጋችበት።

ለካ ጎረቤቷ እማማ ንግሥቲ ጀሪካናቸውን ይዘው ከኋላዋ ቆመው ኖሯል። "ልጄ፣ ሰውዬው ሥልጣኑን ሰጥቶሽ ነው ወይስ አውሶሽ?"

"ሰጥቶኝ ነበር፣ እማማ። አሁን ያዋሰኝ መሰለው።"

"እንግዲያው ለእኔ መንገዱን ልቀቂና እሱን እንዳትለቂው" አሉ እየሳቁ።

ጫልቱ ጥጓን ይዛ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ሁለት ዓመት ሙሉ የዕረፍት ቀኗን የሰጠችው ለዚህ ሥራ ነው፤ ቢያነሳት ሆዷ እንደሚባባ ታውቃለች። ቢሆንም ስልኳን ከፍታ በእዝራ አንደበት መጻፍ ጀመረች፦ "ጫልቱ ገመዳ ጳጉሜ የተወለዱ ሕፃናት አይቅሩ ስላለች ውክልናዋን ከዛሬ ጀምሮ አንስቻለሁ።" ከሥሩ የስም ቦታውን ባዶ ተወችና ለእዝራ ላከችለት።

ጀሪካኑን ከማንሳቷ በፊት አንድ መስመር ጨመረችበት፦ "ወይ ስምህን ጽፈህ ለሁሉም ላከው፣ ወይ ጳጉሜን መልስ።"