ያላደረ መርዶ

ሕብስት ምስጢር መያዝ አይሆንላትም። ይህን ዙሪክ ያለ አበሻ ሁሉ ያውቃል፤ እሷም አትክድም። ለልደታችሁ ምን እንደተገዛላችሁ ከሳምንት በፊት የምትነግራችሁ እሷ ናት። እንግዲህ ይቺን ሴት ነው ጋሽ ወልደሥላሴ ከጄኔቭ ደውለው፣ «ልጄ፣ ይህን ነገር እስከ እሑድ ንጋት በሆድሽ ያዢልኝ» ያሏት። ሌላ ሰው ጠፍቶ ነው ወይ ብትሉ፣ አዎ፣ ጠፍቶ ነው። በ1970 ዓ.ም. ስዊዘርላንድ የነበረው አበሻ ሁሉ አንድ ክፍል ቢሰበሰብ ወንበር አይጎድልም ነበር።

ነገሩ መርዶ ነው። የፍቅርተማርያም ታናሽ ወንድም አስፋ፣ ገና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ፣ አዲስ አበባ ላይ አንድ ማለዳ ከቤት ተወሰደና አልተመለሰም። ጊዜው የቀይ ሽብር ጊዜ ነው። እናቲቱ ልጅሽ ተገድሏል ተባለች፤ በዚያው አፍ ድንኳን መጣልም ድምፅ አውጥቶ ማልቀስም ክልክል ነው ተባለች። ጎረቤት በየጓዳው አፉን በነጠላ አፍኖ አለቀሰላት። ወሬው በሰው በሰው ዞሮ ጋሽ ወልደሥላሴ ጋ ደረሰ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ያልሰማችው ፍቅርተ ብቻ ናት። የጄኔቭ ዩኒቨርሲቲ የልውውጥ ተማሪ ሆና ከመጣች ሁለተኛ ዓመቷ ነው፤ ኦ ቪቭ በሚባለው የጄኔቭ ሰፈር አንዲት ፈረንጅ ባልቴት ቤት ትኖራለች።

ጋሽ ወልደሥላሴ ዓለም አቀፍ ድርጅት ውስጥ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ፈረንሳይኛቸው ባለቤቶቹን ያስንቃል፤ ሹካና ቢላዋ አያያዛቸውማ አይነሳ። መርዶ ላይ ሲደርሱ ግን ያው የጉለሌ ሰው ናቸው።

«መርዶ በስልክ አይነገርም» አሏት። «ፈረንጅ ቤት ውስጥም ብቻዋን አትረዳም። ስትወድቅ ማን ይይዛታል? እኔ ብጠራት ይገባታል፤ ቅዳሜ አንቺ ጋ ትምጣ። አብያት፣ አጫውቻት፣ ሳትጠረጥር ትዋል። እኔና ጥሩወርቅ ማታ መጥተን ቢረሳው ቤት እናድራለን፤ ሲነጋጋ ሁላችንም ተሰብስበን በወጉ እናረዳታለን። ደግሞ እንዳታለቅሺ።»

ሕብስት «እሺ» ብላ ስልኩን ዘጋችና አለቀሰች።

የት ትውሰዳት? ዜባህ ሰፈር ያለው ቤቷ አንድ ክፍል ነው፤ ዓይን ለዓይን እየተያዩ ቀኑን ሙሉ መዋል አይታሰብም። መላ ያመጣው ቢረሳው ነው። ቢረሳው ኦርሊኮን የማሽን ፋብሪካ ይሠራል፤ አፉ ግን ከማሽኑ ይበልጥ ይሠራል። ፋብሪካው ጀርባ ያለው ሜዳ ላይ አንድ ከአገር አገር የሚዞር የመዝናኛ ቦታ ድንኳኑን ተክሏል፤ መጫወቻው ሁሉ በሲኒማ አምሳል የተሠራ ነው። «እዚያ እንውሰዳት» አለ። «ስትስቅ ፊትሽን አታይም። አንቺንም እኔ እጠብቅሻለሁ።» ራሱን ማን እንደሚጠብቀው አላሰበበትም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ፍቅርተ ከባቡሩ ወረደች። ፀጉሯን በአጭሩ ተቆርጣ፣ ከእሷ የሚበልጥ ቦርሳ አንግታ፣ ገና ከሩቁ ጥርስ በጥርስ ሆናለች። ሕብስት አቅፋ ሳመቻት፤ ደግማ ሳመቻት፤ መልቀቅ አቃታት።

«ኧረ አንገቴን!» አለች ፍቅርተ። «ምን ሆነሻል? ፊትሽ አብጧል።»

«የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ሆስፒታሉ ሠራተኛ አጥሮታል» አለች ሕብስት። የመጀመሪያዋ ውሸት አለፈች። ለራሷም ገረማት።

የመዝናኛው በር ትልቅ የፊልም መቅረጫ ሆኖ ተሠርቷል፤ ሰው በመነጽሩ በኩል ይገባል። ውስጡ ሌላ ዓለም ነው። እዚህ የፈረሰኞች ከተማ፣ እዚያ የባሕር ወንበዴዎች መርከብ፣ ወዲያ ማዶ መናፍስት የሚጮኹበት ቤት። ቤቶቹ ከፊት ሲያዩዋቸው ቤት ናቸው፤ ከኋላ ግን በአጣና የተደገፈ ሳንቃ ብቻ። ፍቅርተ የእያንዳንዱን ጀርባ ዞራ ካላየች አልሄድም አለች።

«አስፋ ይህን ቢያይ» አለች ሳንቃውን እየነካች። «ሲኒማ ስወስደው፣ ያ ሁሉ ቤት የውሸት ነው ብዬ ብነግረው አኩርፎኝ ሳምንት አላናገረኝም። አሁን ስጽፍለት በዓይኔ አየሁት እለዋለሁ።»

ሕብስት የጫማዋን ክር ልታስር ጎንበስ አለች። ጫማዋ ክር የለውም።

እንዲህ እንዲህ እያሉ ዋሉ። ከፍ ዝቅ የሚለው መርከብ ላይ ሲወጡ ቢረሳው፣ ያ ከአፉ ቀልድ የማይጠፋው ሰው፣ ብረቱን በሁለት እጁ ጨብጦ ዓይኑን ጨፍኖ እመብርሃንን በስለት ጠመዳት። ፍቅርተ እስክትንፈራፈር ሳቀች። ሕብስትም ሳቀች፤ ሳታስበው ከልቧ ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ የምትገባበት ጠፋት። ነገ በዚህ ሰዓት ይቺ ልጅ ምን እንደምትሆን እያወቀች አብሯት መሳቅ ክህደት መሰላት። አለመሳቁም ክህደት ነው። ፍቅርተን እንደ እህቷ ነው የምትወዳት፤ ቢቻላት ይህን ቅዳሜ ጎትታ ጎትታ ዓመት ባደረገችው።

ቢረሳው ከመርከቡ ሲወርድ አንዱ መደብር ደጅ የተሰቀለውን የወንበዴ ቆብ አጠለቀ። ቀጥሎ የንጉሥ ዘውድ፤ ከዚያ የሴት ዊግ። ሻጯ ተቆጣችው፤ እሱ እጇን ሊስም ጎንበስ አለ። የሰኔ ጾም ገብቷልና ቋሊማውን አሽትተው ብቻ አልፈው ድንች ጥብስ በሉ። ፍቅርተ የሷን ስትጨርስ ሕብስት የራሷንም ገፋችላት፣ ቀጥላ የቢረሳውንም።

«ዛሬ ምን ነክቷችኋል?» አለች ፍቅርተ። «ሌላ ጊዜ ከሳህኔ ላይ ነው የምትሰርቁኝ።»

«ተማሪ ነሽ፤ ጄኔቭ ከስተሻል» አለ ቢረሳው። ፍቅርተ ግን የብርዱን ወራት በባልቴቷ ቸኮላት ከርማ እንዲህ ሞላ ብላ አታውቅም።

ከምሳ በኋላ የፈረሰኞቹ ከተማ ውስጥ ወዳለ ሱቅ ገቡ። ፍቅርተ ክፈፉ ሰፊ የሆነ ቡናማ ባርኔጣ አነሳች፤ አገላበጠች፤ ሸተተች። «ለአስፋ ይህን ነው የምልክለት» አለች። ቀጥላ ወደ ቢረሳው ዞረች። «የናንተ ራስ እኩል ነው። እስቲ አጥልቀው፣ ልየው።»

ቢረሳው አንድ እርምጃ ወደኋላ አለ።

«እኔ… አይሆነኝም» አለ።

«ላንተ መቼ አልኩ? ለልኩ ነው። ጠዋት ሙሉ የሴት ዊግ ሳይቀር ስታጠልቅ ውለህ!» ባርኔጣውን ወደ ራሱ ዘረጋችው።

እጁን አነሳ፤ ግን ባርኔጣው ጋ ሳይደርስ ቀረ። ለሞተ ልጅ የሚገዛ ባርኔጣ ማን ደፍሮ ራሱ ላይ ያደርጋል? ክፋት አይደለም፤ እጁ እምቢ አለው። «ቆይ፣ ፖስት ካርድ ልይ» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር።

«አንቺዬ፣ እኔ እለካዋለሁ» አለች ሕብስት ቀድማ። ባርኔጣውን ነጥቃ ደፋችው፤ እስከ ጆሮዋ ወረደ። ሳቀች። ሳቋ ለራሷም አስቀያሚ ሆነባት።

ፍቅርተ አልሳቀችም። የቢረሳውን ጀርባ አየች፤ የሕብስትን ፊት አየች። ባርኔጣውን ከሕብስት ራስ ላይ ቀስ አድርጋ አንስታ፣ የተኛ ሕፃን እንደሚያጋድሙ ሁሉ ቦታው ላይ መለሰችው።

«ሌላ ቀን» አለች።

ከዚያ በኋላ የአስፋን ስም አላነሳችም። ሕብስት፣ ሞኝ፣ እፎይ አለች። ተረሳሳ ብላ አምላኳን አመሰገነች። እስከ ማታ ትንሽ ነው የቀረው፤ እራት፣ ጨዋታ፣ እንቅልፍ፤ ሲነጋ ደግሞ ሽማግሌው አሉ፣ ሚስታቸው እትዬ ጥሩወርቅ አሉ፣ የሚይዛት ሰው ሞልቷል።

መውጫው አጠገብ የመጨረሻው ትርኢት ነበር፤ የውሸት ባቡር ጣቢያ። የእንጨት ፉርጎ፣ አግዳሚ ወንበር፣ ሰዓት፤ ከላይ ከቧንቧ የሚወርድ ዝናብ። ባለካሜራው ጢማም ሽማግሌ ነው። ከተመልካቹ መሃል ሰው እየጠራ አጭር ፊልም ይቀርጻል። «አሁን የምትጠብቀው ሰው ያልመጣላት ሴት እፈልጋለሁ» አለ በድምፅ ማጉያው። «ማልቀስ የምትችል!» ሴቶቹ ተሽኮረመሙ፤ እርስ በርስ ተገፋፉ።

ፍቅርተ እጇን አወጣች።

«አንቺ?» አለ ቢረሳው፣ ወደ ቀልዱ ሊመለስ እየሞከረ። «እኛን ታስቂናለሽ እንጂ።»

«ትበሰብሻለሽ፤ ይበርድሻል» አለች ሕብስት።

«ልበስብስ» አለች ፍቅርተ። ቦርሳዋን ሰጠቻትና ገመዱን ተሻግራ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

ዝናቡ ተለቀቀ። መጀመሪያ ፉርጎውን አየች። ሰው ጠበቀ። አንዱ ፉጨት አሰማ። ያኔ ድምፅ ከአንጀቷ ወጣ፤ ቀጭን ነበር።

«አስፋዬ» አለች። «ወንድሜ። ማን ወሰደህ? እኔ ሳልኖር ማን ወሰደህ?»

ድምፁ እየቆየ ሰፋ። ደረቷን መታች። «የማን ልጅ ብለው፣ ምን አደረገን ብለው? ገና ጢምህ እንኳ መች በቀለ? አስፋዬ፣ እህትህ ምን ይዤ ልምጣልህ?»

ተመልካቹ ተመሰጠ። አንዲት አሮጊት መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ፤ «ተዋናይ ናት፣ እውነተኛ ተዋናይ» አሉ። ከዚያ ጭብጨባ ሆነ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ።

 ያ ሁሉ ዝግጅት፣ ሽማግሌው፣ ንጋቱ፣ ወጉ፣ ሁሉም ውሃ በላው። ፍቅርተ ብቻዋን እያለቀሰች ነው፤ ፈረንጅ እያጨበጨበላት። ጋሽ ወልደሥላሴ የፈሩት ይህንኑ አልነበር? ሕብስት ሻርፗን ከአንገቷ ፈታ ወገቧ ላይ አሰረች፤ በለቅሶ ቤት እናቶቿ እንደሚያስሩት። ገመዱን ተሻግራ ዝናቡ ውስጥ ገባችና እቅፍ አደረገቻት። ቢረሳውም ተከተላት፤ ቀኑን ሙሉ የዋጠው እንባ ገንፍሎበት እንደ ልጅ ይንሰቀሰቅ ነበር።

«መቼ ነው?» አለች ፍቅርተ።

«ሦስት ሳምንት ሆነው።»

«እማዬ አለቀሰች?»

ሕብስት ከዚህ ወዲያ መዋሸት አልቻለችም። «አልፈቀዱላትም፣ እህቴ። ድምፅ እንዳይሰማ አሏት።»

 ውሃው በፍቅርተ ግንባር ይወርዳል። «ለልጇ?» አለች። «እንግዲያው የእሷንም እኔ ነኝ የማለቅሰው።»

ይህን ስትል ዝናቡ ተቋረጠ። ባለካሜራው እያጨበጨበ መጣ፤ ግሩም ነው፣ አለቀ፣ ቀጣዮቹ ተረኞች እየጠበቁ ነው አለ። ሕብስት በሆስፒታል ጀርመንኛዋ፣ ለበሽተኛ ቤተሰብ እንደምትናገረው ቀስ ብላ ተናገረችው።

«ጌታዬ፣ ትርኢት አይደለም። ወንድሟ ሞቷል፤ አሁን መስማቷ ነው። አገሯ ላይ እናቷ እንዳታለቅስለት ተከልክላለች። እባክዎ ዝናቡን ይመልሱልን፤ ለቅሶዋን አልጨረሰችም።»

ሽማግሌው ሦስቱን ተራ በተራ አያቸው። ካሜራውን ወደ መሬት አዘቀዘቀው፤ ወረፋ የያዘውን ሰው በእጁ ወደኋላ መለሰ፤ ራሱ ሄዶ ቧንቧውን ከፈተው። ዝናቡ ወረደ። ሦስቱ አበሾች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «አስፋ፣ አስፋ» እያሉ አለቀሱ፤ ማንም ዝም በሉ አላላቸውም።